ኮረንቲ ያደረበት ቆርቆሮ

ይድረስ ለከተማችን የመብራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ ጠረጴዛዎ ላይ የተከመሩት ማመልከቻዎችስ ደህና ናቸው? እኛ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምንኖር የላይ ሰፈር ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ስሜ አለምነህ ሰጠኝ ይባላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የምኖረው አባቴ በሠራው የጭቃ ቤት ነው። ቤቱ መብራት የገባለት እኔ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ሲሆን፣ ሽቦው ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ አልነካውም። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ስጦታ ነበረች። ወደ ተራሮቹ የሚያልፉ እንግዶች ለሚያርፉበት ቤት አንሶላ እያጠበች ትተዳደር ነበር። ምስጋናዬን በቁጥር ማቅረቤን የመምህር ልማድ ነው ብለው ይለፉልኝ።

፩ኛ. በቅድሚያ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ጠንከር ሲል፣ ስጦታ እጇን እያሻሸች ገባችና «ጋሼ፣ ቆርቆሮው ይነዝራል፤ የልብስ ማስጫው ሽቦም ይነዝራል» አለችኝ። ማስጫው አንድ ጫፉ ከጣሪያው ሚስማር ጋር የታሰረ ነበር። በነጋታው ማመልከቻ ጽፌ ቢሮዎ መጣሁ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛዎ ወረቀቴን ሳይገልጥ፣ በትሕትና «አባባ፣ ከቆጣሪው ወዲያ ቤት ውስጥ ያለው የደንበኛው ነው፤ እኛን የሚመለከተን እስከ ቆጣሪው ድረስ ነው» አለኝ። ቤት ተመልሼ ይህንኑ ስነግራት ስጦታ ሳቀች። «ታዲያ ኮረንቲው ይህን ደንብ ያውቀዋል?» አለችኝ። በሐምሌ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ መልሱ አልተለወጠም። እኔም በበኩሌ የፕላስቲክ ጫማ ገዝቼላት «ይህን ሳታደርጊ ማስጫው ዘንድ እንዳትደርሺ» አልኳት። ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱን ሁሉ ለእርስዎ እንዳልሰጥ የሚከለክለኝ ይህ ነው፤ ሞት ቤቴ መግባቱን አውቄ ያዘዝኩለት መድኃኒት ጫማ ነበር።

፪ኛ. ስለ ነሐሴ ዐሥራ አንድ ቀን። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ብልጭ ብላ ስለነበር ስጦታ ሰባት ነጭ አንሶላ አሰጣች። ወዲያው ከተራራው በኩል ጉም ወረደና ማካፋት ጀመረ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። «ጋሼ፣ ዝናቡ ቀደመኝ!» ብላ ስትሮጥ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም። የሰው ልጅ ሲያዝ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር፤ አይጮህም። ዝም ማለቷ ከንክኖኝ ስወጣ ሽቦውን ጨብጣ ቆማለች፤ ጫማው ደጃፉ ላይ ነው። ዘነዘና አንስቼ ሽቦውን ስመታው ተበጠሰ፤ እሷም ወደቀች። ሐኪም ቤት ያደረስናት ለወጉ ነው። አንሶላዎቹ ጭቃው ላይ ሦስት ቀን ዋሉ አደሩ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ በሩቅ እየዞረ ያልፋቸው ነበር እንጂ ደፍሮ የሚያነሳቸው አልተገኘም።

፫ኛ. ከሰባተኛው ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አመሻሹ ላይ በእህቴ ክፍል ያለውን አምፖል አጥፍቼ ስወጣ፣ አምፖሉ አልጠፋም። እንደ ጧፍ ፍም ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ማጥፊያውን ደጋግሜ ተጫንኩት፤ ያው ነው። ግድግዳውም ጆሮ ሲሰጡት እንደ ንብ ቀፎ ያንጎራጉራል። ጎረቤቶቼ «አልወጣላትም፤ እዚያው ናት» ተባባሉ። እኔ የሒሳብ መምህሩ ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎት? በየምሽቱ ወንበር ወስጄ ከአምፖሉ ሥር እየተቀመጥኩ የቀኑን ወሬ እነግረው ጀመር።

የነፍስ አባታችን አባ ቴዎፍሎስ ይህን ሰምተው ጠበል ሊረጩ መጡ። በዚያው ዕለት ሃና የምትባለው የቀድሞ ተማሪዬ፣ ጎንደር የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ የተመለሰችው ልጅ፣ ልታጽናናኝ መጥታ ነበር። አባ የጠበሉን ዕቃ አንስተው ወደ ግድግዳው ሲጠጉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«አባ ይፍቱኝ፣ ውኃውን አይርጩት። መጀመሪያ ኮረንቲውን ላጥፋው።»

«ምን አየሽ ልጄ?»

«ይኼ ሽቦ የተበላ ነው። ግድግዳው ራሱ ኮረንቲ ይዟል።»

አባ ጠበላቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። «ጋኔን ቢሆን ይሻል ነበር» አሉ፤ «እሱስ ስመ ሥላሴ ሲጠራበት ይወጣል።»

ሃና ቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ አውርዳ ኮርኒሱን ከፈተችው። የሽቦዎቹን ልባስ አይጥ በልቶታል፤ መጋጠሚያዎቹ በፌስታል የተጠቀለሉ ናቸው። የአምፖሉ ማጥፊያ የተገጠመው በተሳሳተው ሽቦ ላይ ስለሆነ ኮረንቲው ጨርሶ አይቋረጥም ነበር። ከዚያ መሰላል አቁማ ቆርቆሮውን ሳትነካ ከጣሪያው ጠርዝ አሻግራ ስትመለከት ቆየችና ጠራችኝ። ከእንጨት ምሰሶው ወደ ቤቴ የሚመጣው ሽቦ ረግቦ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ሲታሽ ኖሮ መዳቡ ወጥቷል። ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ከቆጣሪው በፊት ነው» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

መልሱን ለመናገር ከመሰላሉ እስክትወርድ ጠበቀች። «የእነሱ ነው ማለት ነው።»

በዚያ ሳምንት የቤቱን ውስጥ ሽቦ በሙሉ ቀየረችው፤ አደጋ ሲኖር ኮረንቲውን የሚቆርጥ ብሬከር ገጠመች፤ ያመለጠውን ኮረንቲ መሬት እንዲውጠው የመዳብ ዘንግ ቀበረች። የውጪውን ግን ቢሮዎ ካልሆነ ማንም እንዲነካው አይፈቀድም አለችኝ። ያን ምሽት የእህቴን ክፍል መብራት ሳጠፋው ጠፋ፤ ክፍሉ ድርግም አለ። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። እኔ ግን ወንበሩን ይዤ ጨለማው ውስጥ ቆሜ ስጦታን ሁለተኛ የቀበርኳት መሰለኝ።

፬ኛ. በመጨረሻ ስለ ፍጥነትዎ ላመስግን። ሃና ያየችውን ሁሉ የጻፈችበትን ወረቀት ይዤ ስመጣ በአክብሮት ተቀብለው፣ ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋሙልኝ። ሠራተኞችዎም አልቀሩም፤ በአርባዋ ቀን፣ ካህናቱ ፍትሐት ላይ ሳሉ፣ መሰላል ተሸክመው ደረሱ። ሰዓቴን አየሁ። ሽቦውን ለውጠው፣ ከቆርቆሮው አርቀው ለመስቀል ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። መሰላሉ ላይ የነበረው ልጅ ሲወርድ «አባቴ፣ የምን ድግስ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። የራስ ቁሩን አውልቆ አቀረቀረ። ከመሥሪያ ቤትዎ እስከ ዛሬ «ነፍስ ይማር» ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ጥቅምት ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ክረምቱ እስኪመለስ ስምንት ወር አለን። በላይ ሰፈር ከቤቴ ጋር በአንድ ዘመን መብራት የገባላቸው ዐሥራ አራት ቤቶች አሉ። እኔና ሃና ዞረን አየናቸው፤ በዘጠኙ ላይ ሽቦው ቆርቆሮ ነክቷል። የባለቤቶቹን ስም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ሃያ ደቂቃን በዘጠኝ ማባዛት ለእርስዎ የሚያስቸግር ስላልሆነ ላሰላልዎ አልደፍርም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ የማንንም አርባ ሳይጠብቁ ይምጡ።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ዝናብም አይንካዎ እያልኩ፣ ከጉልበትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ከቆጣሪው በሁለቱም ወገን አገልጋይዎ፣

አለምነህ ሰጠኝ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላደርስ ስመጣ የግቢዎን የብረት በር ስነካው ነዘረኝ። ለዘበኛዎ ብነግራቸው «ሁለት ክረምት ሆነው» አሉኝና የጋቢያቸውን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠቅልለው ከፈቱልኝ። ክቡርነትዎ በመኪና ስለሚገቡ በሩን ነክተውት አያውቁም። ዘበኛው ግን ልጆች አሏቸው፤ ምሳቸውንም የሚያመጣላቸው ትንሹ ነው።