ባልዲዬና የሣራ ጀሪካን

መጋቢት 16፣ ኪዳነ ምሕረት። ጠዋት
ደብተሬ፣ አሸዋ ስነፋ አረፈድኩ። ጉልበቴ አሁንም አለ። ልጄ መጣች፤ ኢ/ር ሣራ። ትንሽ ጀሪካን ይዛለች። ለላይኛው ክፍል ሶሌታ፣ ለአርማታ ጣሪያው፣ የሚሆን ኬሚካል ነው አለች፤ አርማታው ውሃ ሳይጨመርበት ይላላል። ሳቅኩ። ስንቱን የቦሌ ፎቅ በባልዲ ውሃ እያላላን ሞልተናል! ውሃ ሲበዛ ሲሚንቶው ይደክማል አለች። «ካንተ ውሃ ሥር አልተኛም፣ አባዬ።»
ክፍሉ ለእሷ ነው። ወደ ቤት ልትመለስልኝ ነው።

ያው ቀን። ከሰዓት
ለሙከራ አንድ ጋሪ አቦካን። ደረቅ። አካፋ አያስገባም። ሣራ ከጀሪካኑ በክዳን ለክታ ጨመረች። አገላበጥኩት። ደብተሬ፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ተዘረጋ። ውሃ ጠብ አላደረግኩበትም። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ፤ ጥላው አርማታው ላይ ሄደ። ባለቤቴ አልማዝ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ላይ ቤት ይኑረንና አውሮፕላን እያየን እንርጅ ትለኝ ነበር። አጠገቤ የቆመች መሰለኝ። የቀሚሷ ጫፍ ሲሚንቶ ነክቶታል።

መጋቢት 18
ሣራ ሥራ ገብታለች። ሌላ ጋሪ አቡክቼ ብቻዬን ሞከርኩ። ጥቂቱ ያን ካደረገ፣ ብዙውስ? ኬሚካሉን በጣሳ ደፋሁበት። ልማድ አይለቅም፣ ባልዲዬንም ጨመርኩ። ፈሰሰልኝ! ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ሰማዩ ውስጡ ይታያል። ጎረቤቴ ታደሰ በአጥር ብቅ ብሎ፣ ይሄ ሁሉ አጥሚት ለማን ነው፣ አራስ አለ እንዴ አለኝ።

መጋቢት 19፣ ገብርኤል። ጠዋት
አልጠነከረም። ጣቴ ገባ። ጠጠሩ ታች ሰምጧል፣ ውሃው ላይ ተንሳፏል። የተኳረፉ ባልና ሚስት። ሣራ አየች። አልተቆጣችም፤ እሱ ነው የባሰው። ኬሚካሉም ውሃውም ሲበዛ ይለያያል፣ ቶሎም አይረጋም አለች። ሶሌታው ነገ ይሞላል፤ ባልዲው ካለ እኔ የለሁም አለች። ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።
እኔን ልታስፈራራ? በዚህ ዕድሜዬ?

ያው ቀን። አመሻሽ
ላይ ወጣሁ። ክፍሉ ገና ግድግዳና ለሶሌታው የተዘረጋ ጣውላ ብቻ ነው። በመስኮቱ ክፍተት አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ሲወርዱ ይታያሉ፣ መብራታቸው እየጠቀሰ። ሣራ እዚህ ተኝታ በሐሳቤ አየኋት፤ ሕፃን ሆና፣ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ። ከላይዋ ምን እንዳለ አታውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ።
ደወልኩላት። ነገ ስትመጪ ጀሪካኑን እንዳትረሺ አልኳት። ባልዲውስ አለች። መጥተሽ እዪው አልኩ። በስልክ አልሸነፍም።
ነገ ግን ባልዲውን ገልብጬ እቀመጥበታለሁ፤ ሶሌታው ተሞልቶ እስኪያልቅ አልነሳም።