ተከራይ ሆኜ ስላልተገኘሁ የቀረበ ምስጋና

ለወንዝ ዳር የጋራ መሬት አደራ ማኅበር
ለክቡር የቤት ምደባ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዌስተን፣ ቶሮንቶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የመላው ኮሚቴዎ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል? እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም የማርች አሥራ ሁለቱ ኢሜይልዎ ከደረሰኝ ወዲህ ፈገግታዬ አልወርድ ብሎ፣ አረጋውያን በምንከባከብበት ነርሲንግ ሆም ያሉት ባልደረቦቼ ሎተሪ የወጣልኝ መስሏቸዋል።

በአማርኛ መጻፌ እንዳይገርምዎ። ማኅበርዎ በየአውቶቡስ ፌርማታው የለጠፈው ማስታወቂያ ግርጌ ላይ፣ ከሌሎች አሥር ቋንቋዎች ጋር፣ "በቋንቋዎ እናስተናግድዎታለን" የሚል የአማርኛ መስመር ስላለ፣ ያቺ መስመር ያለ ሥራ እንዳትቀር ብዬ ነው። በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ማውጣቴ ደግሞ፣ ለእርስዎ የምልከው ኢሜይል ሁሉ "ይህ አድራሻ መልስ አይቀበልም" እየተባለ ስለሚመለስብኝ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ፤ በአጭሩ መናገር እንደማልችል የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። ማኅበሩ መሬት ይገዛና ለዘላለም በአደራ ይይዛል። በላዩ የተሠራውን ቤት ግን በሠፈሩ ለኖረና በገበያው ዋጋ መግዛት ለማይችል ሰው፣ አቅሙ በሚፈቅደው ይሸጥለታል። ያ ሰው አንድ ቀን ልሂድ ሲል ለተከታዩ በዚያው ልክ ይለቃል እንጂ አትርፎ አይሸጥም። መሬት አይሸጥም አይለወጥም ሲባል እየሰማሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረስኩት ለእኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ስለዚህ ከአራት ዓመት በፊት ማኅበሩ የድሮውን የመኪና ማጠቢያ ቦታ ለመግዛት የነዋሪ ፊርማ ሲያስፈልገው፣ ከሥራ መልስ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ የየፎቁን በር ያንኳኳሁት እኔ ነበርኩ። ቆንጂት የምትባል የቸርቻችን ሰው በሯን ሰንሰለቱ እስከፈቀደው ብቻ ከፈት አድርጋ፣ "መሬቱ የእኔ ካልሆነ ታዲያ ምኑን ገዛሁት? ቀበሌ እዚህም ተከትሎን መጣ እንዴ?" ብትለኝ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድቼ አስፈርሜያታለሁ። በጠቅላላው ሁለት መቶ አሥራ አራት ፊርማ አመጣሁ። መሬቱ ተገዛ፣ ስድስት ቤቶች ተሠሩ፣ እኔም ከልጄ ከቤቴል ጋር አንዷን ለማግኘት አፕላይ አደረግኩ። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ማስረጃን ስለሚያከብሩ አመሰግናለሁ። ማመልከቻው በሠፈሩ ቢያንስ አምስት ዓመት የኖርኩበትን የኪራይ ውል ይጠይቃል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት በጋሽ ገብረክርስቶስ ቤት ሥር ባለው ቤዝመንት ነው። ጋሽ ገብረክርስቶስ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ይዤ በጃንዋሪ ብርድ ስመጣ ከቸርች በር ላይ አንሥተው ቤታቸው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። በየወሩ መጀመሪያ ኪራዩን በፖስታ አሽጌ ቴሌቪዥናቸው አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸውም እኔ እስክወጣ ድረስ እንዳላዩ ሆነው ዜናቸውን ይከታተላሉ። እንዲህ ያለን ሰው "ጋሼ፣ የኪራይ ሊዝ እንፈራረም፣ ደረሰኝም ይስጡኝ" ማለት፣ ለክቡርነትዎ እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም፣ "አላምንዎትም" ብሎ ፊት ለፊታቸው መናገር ነው። ስለዚህ አልጠየቅኩም። የቤቴልን የትምህርት ቤት ወረቀትና ከባንክ የሚመጣልኝን ደብዳቤ ባቀርብ፣ ፖስታ የሚቀበሉበት ቦታ ሁሉ መኖሪያ እንዳልሆነ ተማርኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ጨዋነቴ አንድ ገጽ ወረቀት ሳያፈራ ቀረ።

ሁለተኛ፤ ጽሑፍን በጥንቃቄ ስለሚያነቡ አመሰግናለሁ። ፋይሌን የያዘችው ሠራተኛ አዝናልኝ፣ "የቤቱ ባለቤት ደብዳቤ ይጻፉልሽ፣ ይበቃል" አለችኝ። ጋሽ ገብረክርስቶስ ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት ረቂቅ ቀድደው፣ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ "ወይዘሮ ዓለምሸት በቤቴ አሥራ አንድ ዓመት ስትኖር አንድም ቀን እንደ ተከራይ አይቻት አላውቅም። ኪራይ አምጪ ብያት አላውቅም። እኔ ያልወለድኳት ልጄ ናት፤ ቤቴ ቤቷ ነው፤ በሕይወት እስካለሁ ከዚህ የሚያስወጣት የለም።" አንብበውልኝ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። እኔም አለቀስኩ። ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት ከየት ይመጣል ብለን አስተርጉመን ላክነው።

በማርች አሥራ ሁለቱ ኢሜይል የመጣው ውሳኔዎ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ነገር ይላል። አመልካቿ በዌስተን ከቤተሰቧ ጋር አስተማማኝ መኖሪያ ስላላት የቤት ችግረኛ አይደለችም። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ አመልካቿ በዌስተን ተከራይታ ስለመኖሯ ማስረጃ አልቀረበም። እንግዲህ ዌስተን ውስጥ ቤት ስላለኝ ቤት አያስፈልገኝም፤ ዌስተን ውስጥ ስላልኖርኩ ደግሞ ቤት አይገባኝም። ለቤቴል ሳነብላት፣ "ማሚ፣ ዲስ ዳዝንት ኢቭን ሜክ ሴንስ" አለች። እኔ ግን፣ "አትቸኩዪ፣ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው የወሰኑት ነው" ብዬ ገሠጽኳት።

ሦስተኛ፤ ይግባኝ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ጋሽ ገብረክርስቶስ ደብዳቤውን በጻፉ በሦስተኛው ወር በረዶ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጃቸው ተክሌ እሱ ወደሚኖርበት ከተማ ወደ ካልጋሪ ወሰዳቸው፣ ቤቱም ተሸጠ። በተክሌ አልፈርድም፤ አባቱን የሚያስታምመው እሱ ነው። አዲሱ ገዥ ቤዝመንቱን እስከ ጁን ሠላሳ ባዶ ሆኖ ላግኘው ብሏል። ይህን ፋይሌን ለያዘችው ሠራተኛ ስነግራት፣ "እንግዲያው በይግባኙ አሥራ አራት ቀን ውስጥ ሽማግሌው የፊተኛውን ደብዳቤ ሰርዘው፣ ተከራይ እንደነበርሽ ፈርመው ይላኩ፣ ያኔ ይታይልሻል" አለችኝ።

ካልጋሪ ደወልኩ። "ዓለም፣ ቤቴል ደኅና ናት? ዛሬም ጃኬቷን ሳትቆልፍ ነው የምትወጣው?" አሉኝ። ዙሪያ ጥምጥም ብዬ፣ ብዬ፣ ጉዳዩን ነገርኳቸው። "ምን ባስቀይምሽ ነው ዛሬ ተከራይ የሆንሽው?" አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ከመመሪያዎ ስንተኛው አንቀጽ እንደሚሠራ አላውቅም። ሰውየው ቤታቸው ተሸጧል፣ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፣ በልጃቸው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የሚያድሩት። በሕይወቴ ሠራሁት የሚሉት አንድ ነገር ቢቀራቸው፣ አንዲት ሴትና ልጇን እንደ ልጆቻቸው ማኖራቸው ነው፤ እሱኑ በፊርማቸው እንዲሰርዙ ልለምናቸው ነበር። አልቻልኩም። "ምንም አላስቀየሙኝም ጋሼ፣ ቢሮዎቹ ናቸው የተሳሳቱት፤ ተስተካክሏል፤ ቤቱንም ሰጥተውናል" አልኳቸው። "ጌታ ይባረክ!" ብለው እዚያው ስልኩ ላይ ጸለዩ፤ ለእኔ ጸለዩ፣ ለቤቴል ጸለዩ፣ ለኮሚቴውም ረጅም ጸሎት አደረጉ። ስለዚህ የተባረኩ ነዎት፤ ይህንን እንዲያውቁት ያህል ነው። አሥራ አራቱ ቀን አለፈ። ይህ ጋዜጣ የሚታደለው ቶሮንቶ ብቻ ነው፤ አንባቢዎች ሆይ፣ ካልጋሪ ዘመድ ካላችሁ ይህቺን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ እንዳትልኩ በጌታ ስም እለምናችኋለሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ።

ከቶሮንቶ ወጣ ብላ ባለችው ኦሻዋ አንድ ክፍል አግኝተናል። ቤቴል የመጨረሻ ዓመቷን ማንንም በማታውቅበት ትምህርት ቤት ትጨርሳለች፤ እኔም ሥራ ለመድረስ ሁለት ሰዓት በመንገድ ላይ እሆናለሁ። አከራዩ አሥራ ስድስት ገጽ ውል አስፈርሞኛል፤ ስሜን አጥርቶ መጥራት ግን አይችልም። እርስዎ ደስ እንደሚልዎት ስላወቅሁ እያንዳንዱን ገጽ በጥንቃቄ ፈርሜያለሁ። አምስት ዓመት ብታገሥ የኦሻዋ ሰው መሆኔን ማንም አይክድብኝም።

ለስድስቱ ቤቶች ጣሪያ ጥንካሬን፣ ለፋይል መደርደሪያዎ ስፋትን፣ ለክቡርነትዎም ኪራይ ሳይጠይቅ የሚያስጠጋ ሽማግሌ እንዲያጋጥምዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የምሰናበትዎ፣

በዌስተን ያልኖረችው፣ በዌስተንም ቤት ያላት፣
ዓለምሸት

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ፦ ትናንት ከቢሮዎ አንዲት ትሑት ልጅ ኮል አድርጋልኝ ነበር። ጁን ሃያ ስምንት ቤቶቹ ሲመረቁ፣ ለስድስቱ አዲስ ቤተሰቦች ሠፈሩን እየዞርኩ እንዳሳያቸው ለመነችኝ፤ የትኛው ሱቅ አትክልቱ ትኩስ እንደሆነ፣ የትኛው ሐኪም አዲስ ታካሚ እንደሚቀበል፣ አውቶቡሱ ሲቀር በየት በኩል እንደሚኬድ። "ከአንቺ በላይ ዌስተንን የሚያውቅ የለም ብለውኝ ነው" አለች። ማስረጃ አልጠየቀችኝም። እመጣለሁ። እኔም በዚያው ሰሞን ዕቃዬን ስለምጭን፣ ከአዲሶቹ ቤተሰቦች ባዶ ካርቶን የሚተርፈው ካለ እንዳይጥለው አደራ ይንገሩልኝ።