የተተወው አማራጭ

ውድ መምህር፣

«ውድ» ያልኩዎት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይሁን ካሉም ያስኬዳል፤ ውድ የሚሆነው ተፈልጎ የማይገኝ ነገር ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እርስዎም ተፈልገው አልተገኙም።

ባለፈው ሳምንት ደውለው የምስክርነት ቃል ጽፌ እንድልክልዎ ጠየቁኝ። አሁን የሚያስተምሩበት የግል ትምህርት ቤት ጽሑፉን ከፎቶዬ ጋር በሩ ላይ ሊለጥፈው ነው። ቅዳሜ በሚኖረው የወላጆች ዝግጅት ላይም ተገኝቼ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኢኮኖሚክስን በዚያ ከፍተኛ ውጤት ያለፍኩት በእርስዎ መሆኑን እንድናገር ፈለጉ። «ያው የኔ ልጅ አይደለሽ?» አሉኝ። እምቢ ማለት አቃተኝና «እሺ፣ እጽፋለሁ» አልኩ። ይኸው ጻፍኩ።

እናቴ ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «ስድብ እንዳትጽፊ ብቻ» አለችኝ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «በማን ላይ ቆመሽ እግዜርን ታሚያለሽ!»

እውነቷን ነው። እስከ ዓመቱ አጋማሽ ባስተማሩን ጊዜ እንደ እርስዎ ያለ አስተማሪ አልነበረንም። የዋጋ ንረትን ያስረዱን ጠመኔ እንደ ገንዘብ አድለውን ነው። በፊት በአንድ ጠመኔ ላጲሱን ሊሸጥ የተስማማው ልጅ፣ የሁላችንም እጅ በጠመኔ ሲሞላ አልሸጥም ብሎ ሲገግም ክፍሉ በሙሉ በአንዴ ገባው። ኖት ሲያጽፉን ደግሞ ከአፍዎ የወጣ ነገር መሬት አይወድቅም ነበር። የወንበር ጓደኛዬ ደብተር እስከ ዛሬ «ሥራ አጥነት ማለት መስኮቱን ዝጉት ብርድ ገባ መሥራት የሚችልና ሥራ የሚፈልግ ሰው ሥራ ሲያጣ ነው» ይላል።

«ለምን» እንላታለን። ስሙን ያወጡላት እርስዎ ነዎት፤ የተነገራትን ሁሉ «ለምን?» ብላ ስለምትጠይቅ። «ለምን፣ ቁጭ በይ» ሲሏት ክፍሉ በሳቅ ያውካል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ስም ስላወጡላት ትኮራ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ትምህርቱን ሲጨርሱ በሩ ላይ ቆም አሉና ከነገ ጀምሮ ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚገቡ ነገሩን። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፎች ገና አልተነኩም። ለምን ብድግ ብላ «ለምን?» አለች። ያን ቀን የሳቀ የለም። እርስዎ ግን ፈገግ ብለው «አንዱን ስትመርጡ ሌላውን ትተዋላችሁ፤ አስተምሬያችሁ የለ? የኔ የተተወው አማራጭ እናንተ ናችሁ» አሉ። ፊታችንን ሲያዩ ደግሞ «አይዟችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እጨርስላችኋለሁ» ብለው ወጡ።

የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ መሄድዎን አልቃወምም። የመምህር ደመወዝ ወር እንደማያደርስ የማያውቅ የለም፣ ልጆችም አሉዎት። ይቅር የማልልዎ ቅዳሜዎቹን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዘበኛው ክፍሉን ይከፍትልን ነበር፤ እርስዎ ግን አንድም ቀን አልመጡም። ርዕሰ መምህሩን ስንጠይቅ «ምትክ እየተፈለገ ነው» ይለናል፤ እስከ ፈተናው ድረስ እየተፈለገ ነበር። ለምን ስለ እርስዎ ጥብቅና ቆማ «መንገድ ተዘግቶባቸው ይሆናል»፣ «ልጃቸው ታሞ ይሆናል» ትለን ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን «እሳቸው ራሳቸው ታመው ቢሆንስ?» ብላ አዲሱ ትምህርት ቤትዎ ድረስ ሄደች።

አልታመሙም። ክፍያ ለከፈሉት ልጆች እነዚያኑ ምዕራፎች እያስተማሩ ነበር። ለምን አጥሩ ሥር ቆማ በተከፈተው መስኮት የሰማችውን መጻፍ ጀመረች። አይተዋታል፣ መምህር። ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ ዞረው ሰሌዳው ላይ መጻፍዎን ቀጠሉ። የእናንተው ዘበኛ መጥቶ እስኪያባርራት የጻፈችው ግማሽ ገጽ ነበር። ወደ ክፍል ተመልሳ እሱኑ አነበበችልን። እርስዎ ኖት እንደሚያጽፉን አድርጋ የእርስዎን ድምፅ እያስመሰለች ነበር ያነበበችው።

የቀረውን እንደ ምንም ተከፋፍለን አጠናን። እኔ ቤት ኢኮኖሚክስ ያጠና ታላቅ ወንድም አለኝ፤ የከበደኝን ያስረዳኝ እሱ ነው። ምስክርነት የሚገባው ካለ እሱ ነበር፣ ግን ፎቶ መነሳት አይወድም። ለምን ቤት የሚያስረዳ የለም። ፈተናው ደግሞ የወጣው በብዛት ከእነዚያ ምዕራፎች ነበር። ሌላውን ሁሉ አልፋ ኢኮኖሚክስ ጣላት። አሁን ኮፒ ቤት ቆማ የሌላ ሰው ኖት ታባዛለች።

ሲደውሉልኝ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት «ለምንን ያስታውሷታል?» ብዬ ጠይቄዎት ነበር። «ለምን አላስታውስም! እኔ ተማሪ አልረሳም» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «የትኛዋ ነበረች?» አሉ።

በቃ፣ ያኔ ቆረጥኩ። ባልዘሩበት ማጭድ ይዘው መምጣትዎን እችለው ነበር። ያችን ልጅ እንዲህ መርሳትዎን ግን አልችልም፤ እጠላዎታለሁ። እናቴ ይህን ብታይ ትቆጣለች፣ ቢሆንም አልሰርዘውም።

ለምን ዘንድሮ እንደገና ትፈተናለች። ከሥራ የምታርፈው ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ እስክጠራ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ታጠናለች። በመጪው ቅዳሜ የምንጀምረው እርስዎ አጥሩ ውስጥ ያስተማሩትን ምዕራፍ ነው። ወደ ዝግጅትዎ ብመጣ የሚቀርብኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ አልመጣም። ጽሑፌን ግን እንደ ቃሌ ልኬያለሁ። ከፎቶዬ ጋር በሩ ላይ ይለጥፉት፣ አንዲት ቃል ሳትቀነስ።

እኔም መረጥኩ፣ መምህር። የተተወው አማራጭ እርስዎ ነዎት።

የለምን የወንበር ጓደኛ