አባቴ እምቢ የሚልበት አፍ ያጣበት ቀን

የአርባ አምስት ዓመት የትዳር ጓደኛዬ ሃብቶም፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እዚህ ስደት ላይ አብረን የኖርንበትን የግሌንዴሉን አፓርትመንት ለቅቄ ልጃችን ሰናይት ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ከገዛችው ቤት ገብቻለሁ። ታክሲህን ሸጥነው። ልብስህንም ለሰው ሰጠሁ። እስካሁን አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ስለተቆጣሁህ ነው።

አውሮራ ሆስፒታል ተኝተህ፣ በመጨረሻው ቀንህ ከሰዓት በኋላ እጄን ያዝክና «አብርሀት፣ የአባትሽን መንጋጋ የሰበርኩት እኔ ነኝ» አልከኝ። እጄን ነጠቅኩህ።

ያን ቀን አንተም እኔም አንረሳውም። አባቴ በአስመራው ምክር ቤት የወረዳችን ሕዝብ የመረጠው ሰው ነበር። በቆላው አመፅ ተነስቶ ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱ ያንን ሰበብ አድርገው የተመረጠውን መንግሥት አፍርሰው አገሩን በእጃቸው ሊያስገቡ ቆረጡ። ምክር ቤቱ ፈቅዶ ፈረሰ እንዲባል ደግሞ አባላቱ አዳራሹ ውስጥ መታየት ነበረባቸው። አባቴ አልሄድም ብሎ ቤት ቀረ።

እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሁለት ወታደሮችና አንድ ፖሊስ በሩን በእርግጫ ከፍተው ገቡ። አባቴ መሀል ቤት ቆሞ «ሕዝብ በአደራ የሰጠኝን ለንጉሥ አሳልፌ...» ሲል ፖሊሱ በጠመንጃው ሰደፍ አፉን መታው። አጥንቱ ሲሰበር ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። እናቴ ስትጮኽ አንደኛው ወታደር ሆዷን ረገጣት። አባቴን እግሩን ይዘው ጎትተው ጂፕ ላይ ወረወሩት። ከደጃፋችን እስከ መንገዱ የፈሰሰውን ደም አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ምክር ቤቱ በጦር ተከቦ አንድ ወረቀት ተነበበ፤ ድምፅ ሳይሰጥ አለቀ። አባቴ መንጋጋውን በጨርቅ አስሮ እዚያው ተቀምጧል። እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ከዚያ ወዲያ ትምህርታችንም በአማርኛ ሆነ፤ ይኸው አንተንም የምከስህ በእሱ ነው።

ያን ፖሊስ ያየሁት ከጀርባው ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት ሞቱን ስመኝለት ኖሬ አገባሁት።

የቀረውንም በዚያው ከሰዓት ነገርከኝ። ከዓመታት በኋላ አመፁን ሊያጠፋ የዘመተው ጦር መንደራችሁን ሲያቃጥል እናትህና ሁለት እህቶችህ ከነቤታቸው ነደዱ። ሬሳቸውን መለየት አቅቶህ ሦስቱን በአንድ ጉድጓድ ቀበርካቸው። ከዚያ ዩኒፎርምህን አውልቀህ፣ ድንጋይ ተሸክመህ አባቴ እግር ሥር ወደቅክ። አባቴ ይቅር አለህ፤ ለእኔ እንዳትነግርም አስማለህ። ቤታችን መመላለስ የጀመርከው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሰምቼህ ወጣሁ። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናችን ውስጥ ተቀምጬ መሪውን እየደበደብኩ ረገምኩህ። ነርሷ ደወለች፤ አላነሳሁም። ስመለስ አንሶላው ፊትህ ላይ ነበር።

ዛሬ ሳስበው ብዙ ነገር ይገባኛል። አባቴ ማኘክ ሲያቅተው ሥጋውን አድቅቀህ የምትከትፍለት አንተ ነበርክ፤ እኔ ጥሩ አማች አገኘ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ልጆቻችንን አንድም ቀን አልመታህም። ሰናይት ስታጠፋ እጆችህን ኪስህ ከትተህ ከቤት ትወጣለህ፤ ግሌንዴልን ዞረህ ዞረህ ስትመለስ ፊትህ አመድ ይመስላል። ልበ ለስላሳ ነው እል ነበር። ለካ እጅህን ትፈራው ኖሯል።

ባለፈው ሳምንት ለሰናይት ሁሉንም ነገርኳት። «እማዬ፣ ይቅር ብለሽዋል?» አለችኝ።

«አባቴ ይቅር ብሎታል። እኔ ገና ነኝ» አልኳት።

ሃብቶም፣ አልዋሽህም። የመታኸውን አስታውሳለሁ፣ ያጎረስከውንም አስታውሳለሁ፤ አንዱን በሌላው አልሰርዝም። ልጆቻችንም ሁለቱንም ይወቁት፤ እስካለሁ ድረስ ግማሽህን ብቻ አላወራላቸውም። ትናንት የመቃብሩ ቢሮ ሰዎች ከጎንህ ለእኔ የያዝነውን ቦታ አሁንም እፈልገው እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ፣ እዚያው ይሁን አልኳቸው።

ሚስትህ አብርሀት