ከጎታ የወጣው ኮምፒውተር

ሰኞ

ኮምፒውተሩ አሁንም ስታክ አደረገ። እዚያው ቦታ፣ ኮፒው ግማሽ ሳይደርስ። ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ቆሟል፣ ኪቦርዱን ብደበድበውም መልስ የለም። ማጥፊያውን ተጭኜ ገደልኩት። እንዲህ ባደረግሁ ቁጥር ልቤ አብሮ ይወርዳል። ዲስኩ አንድ ቀን በቃኝ ቢልስ?

ልጻፈው፣ ምናልባት ሐሳቤ ይሰበሰብ ይሆናል። ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲቃረብ ኮምፒውተሩን አርዲቦ፣ ገጠር ያለችው አክስቴ ከድጃ ቤት ወሰድኩት። እሷ ደግሞ ጎታ ውስጥ ከተተችውና ጤፍ አፈሰሰችበት። ማንም አያገኘውም አለች፣ ማንም አላገኘውም። የፎቶ ቤቴን የቀረውን ዕቃ ግን ጠራርገው ወስደውታል፣ ጅዳ ሰው ቤት ለፍቼ የገዛኋትን ካሜራ ጭምር። ከሽሽት ከተመለስን በኋላም ኮምፒውተሩን ለማምጣት ፈራሁ። ተመልሰው ቢመጡስ እያልኩ ክረምት ገባ። እነ አክስቴ ጤፉን በልተው በልተው ሲጨርሱት የኮምፒውተሩ ጀርባ ብቅ አለ። ደወለችልኝ። «ነይና ውሰጂው፣ ከእንግዲህ የሚሸፍነው የለም» አለችኝ።

አራገፍኩት፣ ከላይ ከላዩን ጠረግሁት፣ አልበራም። ደሴ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ያሲን ጋ ወሰድኩት። ፓወር ሰፕላዩን ቀየረው፣ አንድ ሜሞሪም ጨመረበት። እሱ ጋ ሲበራ አይቼ በደስታ ተሸክሜው መጣሁ። እዚያው ገልብጬው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ይበራል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ይደርቃል።

እኔ ያነሳሁት የሁሴን ኒካህ ቪዲዮ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የለም።

ማክሰኞ

እማ ዘይነባ መጡ፣ የሁሴን እናት። ሰላምታቸውን ሰጥተው በርጩማዋ ላይ ቁጭ አሉ። ደረሰ ወይ ብለው አይጠይቁም። ስክሪኑን ብቻ ያያሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁሴን ካገባ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከሚሊሻው ጋር ወጣ፣ በዚያው ቀረ። የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። ስልኩ አብሮት ሄደ። ቤታቸው ሲቃጠል ግድግዳው ላይ የነበረችው ፎቶ ሄደች። ሚስቱም ስልኳን በሽሽት ጥላለች፣ አሁን ሪያድ ናት።

ዛሬ እማ ዘይነባ ከመሬት ተነስተው «ፊቱ እየጠፋብኝ ነው ልጄ» አሉኝ። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የታናሽ ወንድሙ ፊት ይመጣባቸዋል። እናት እንዲህ ትሆናለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። «አብሽሩ እማ፣ ይሠራል፣ ኢንሻአላህ» አልኳቸው። ራሴን ግን አላሳመንኩም።

ሲሄዱ ያሲን ጋ ደወልኩ። ሜሞሪዎቹን አውጥቼ እግራቸውን በላጲስ እንዳሽ ነገረኝ። አሸሁ። እሱ የጨመረውን አውጥቼ በአሮጌው ብቻ አስነሳሁት። በራ። ቢስሚላህ ብዬ ኮፒ ጀመርኩ። አረንጓዴው መስመር ሄደ፣ ሄደ፣ እኔ ጥፍሬን በላሁ። ቀጥ አለ።

ቀይሬ በአዲሱ ብቻ ሞከርኩ። ያው ነው፣ እንዲያውም ቶሎ ቆመ። ስለዚህ ሜሞሪው አይደለም። ዲስኩ ከሆነ አልቆልኛል። እሳቸውም አልቆላቸዋል።

ረቡዕ

ከወልድያ የሚወርዱት ሚኒባሶች ፍራሽ ጭነዋል። ማንም ምንም አልተናገረም፣ ሁሉም ግን አይቷል። ዳቦ ቤቱ በሩን ገርበብ አድርጎ ይሸጣል። የባጃጅ ልጆች በቆቦ በኩል ተኩስ ተጀመረ ይላሉ። ባለፈውም የጀመረው እንዲሁ በፍራሽ ነበር።

የምፈራው፦
መብራት ይጠፋል።
መንገድ ይዘጋል።
እማ ዘይነባ በእግራቸው ሩቅ መሄድ አይችሉም።
ኮምፒውተር ተሸክሞ አይሮጥም።
ደግሞም ዲስኩ፣ ዲስኩ፣ ዲስኩ።

ያሲን ዲስኩን ብቻ ነቅዬ እንዳመጣለትና በሌላ ማሽን እንደሚገለብጥልኝ ነግሮኝ ነበር። ኬላው ላይ ግን ፍተሻው ከብዷል። ሰሞኑን አንዷን ልጅ ስልኳ ላይ ባገኙት ቪዲዮ ሰበብ ሲያንከራትቷት ዋሉ። እኔ ዲስክ ይዤ ብገኝና የሰርግ ነው ብል ማን ያምነኛል? የሰርግ መሆኑን ለማሳየት የሚሠራ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። በፍርሃቴ መሀል ሳቄ መጣ።

ጨክኜ ልሄድ ስወስን ደግሞ ያሲን ራሱ ደወለ። «እቴ እንዳትመጪ፣ ዕቃዬን እያሸግሁ ነው፣ ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ ነው» አለ። ሐይቅ ውስጥ የነበሩትን ሌሎች ኮምፒውተሮች የካሜራዬ ዕጣ ደርሷቸዋል፣ ተዘርፈዋል። እንግዲህ እኔና ይሄ ግትር ማሽን ብቻ ቀረን።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ጠዋት ሳስነሳው ረዘም ያለ ጊዜ ይሠራል። ገድዬው ወዲያው ካስነሳሁት ገና ሲከፈት ይቆማል። አረፍ ካለ ደግሞ እንደገና ይቆያል። የሰው ነገር ሆነብኝ፣ ይደክመዋል። የተበላሸ ዲስክ ቢሆን አረፈ አላረፈ ምን ለውጥ ያመጣል? አላውቅም። ነገ የጎን ክዳኑን ከፍቼ ልሞክረው።

ሐሙስ

ጎኑን ከፍቼ አበራሁትና ጆሮዬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። የዲስኩ ድምፅ ደህና ነው፣ አይንኳኳም። ቆየት ብሎ አንድ ሽታ መጣ። ቆሎ። ጎረቤት የሚቆላ መስሎኝ ወጥቼ አየሁ፤ ውጪ ዝናብ ነው፣ የሚሸተው ጭቃ ብቻ። ተመለስኩ፣ ሽታው እዚሁ ነው። የሚቃጠል ሽቦ አውቃለሁ፣ አፍንጫ ይቆርጣል። ይሄኛው ያስርባል።

ከሶኬቱ ነቀልኩት። ማራገቢያው ስለሚዞር ከዚህ በፊት ከላይ ጠርጌ ትቼው ነበር። አሁን ብሎኖቹን ፈትቼ አነሳሁት። ከሥሩ ሙቀት የሚያወጣው ብረት አለ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ እንደ ማበጠሪያ። በጥርሶቹ መሀል የአክስቴ ጤፍ ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል። የላይኛው ነጭ ነው፣ የታችኛው ተቆልቶ ቡናማ ሆኗል።

ያ ረቢ። ለካ ዲስኩ አልነበረም። ሜሞሪውም፣ ፓወር ሰፕላዩም አልነበሩም። አየር አጥቶ እየጋለ ነበር የሚቆመው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከሁሉ የገረመኝ ንዴቴ የት እንደገባ ነው፤ ከዘራፊ ያዳነችውም ያነቀችውም አክስቴ ናት።

በመርፌና በጥርስ ብሩሽ ማውጣት ጀመርኩ። ብረቱን ራሱን ከቦታው አልፈታሁም፣ ያሲን እሱን እንዳላነቃንቅ ሁሌ ያስጠነቅቀኛል። እህል መሬት ስለማይጣል ከሥሩ ወረቀት አነጠፍኩ። እማ ዘይነባ በዚህ መሀል ደረሱ። ምን እንደምለቅም ጠየቁኝ፣ ጤፍ አልኳቸው። ከኮምፒውተር? ከኮምፒውተር። ትንሽ አሰቡና በርጩማዋን አስጠግተው ሌላ መርፌ ጠየቁኝ። አብረን ስንለቅም ቆየን። እጃቸው ከእኔ እጅ ይረጋል።

ማራገቢያውን መልሼ አሰርኩ። ልሰካው ስል መብራት ሄደ። እማ ዘይነባ እስኪመሽ ጠበቁ። አልመጣም። ዳቦ ቤቱ ዛሬ ጭራሽ አልተከፈተም።

ዓርብ

መብራቱ የመጣው ሰው ከጁምዓ ሲወጣ ነው። ሮጬ ከፈትኩ፣ እማ ዘይነባም ተከትለውኝ ገቡ። ፍላሹን ሰካሁ፣ ኮፒ አልኩ፣ ፊቴን አዞርኩ። ማየት አልቻልኩም። እማ ዘይነባን «እርስዎ ይዩልኝ» አልኳቸው። እሳቸውም «እየሄደ ነው» አሉ። ቆይተው፣ «አሁንም እየሄደ ነው።» ቆይተው፣ «ልጄ፣ ጠፋ።» ዘወር ብዬ አየሁ። የጠፋው መስመሩ ነው። አልቆ ነው የጠፋው። አልሐምዱሊላህ።

ከፈትኩላቸው። ሁሴን ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጧል። ካሜራው ሲጠጋው አፍሮ ጆሮውን ይጎትታል። እማ ዘይነባ ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ። «ጆሮውን ረስቼው ነበር» አሉ። ከዚያ በጣታቸው ነኩት፣ እዚያው ጆሮው ላይ። እስኪያልቅ አየን። እንደገና አስጀመርኩት።

ፍላሹን ሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት፣ ሁለቴ አሰሩት። ታናሹ ልጃቸው ነገ በማለዳ መኪና ወደ ደሴ ሊወስዳቸው ነው። እኔን መርቀውኝ ሄዱ።

አክስቴ ደወለች። ወሬው ከፍቷል፣ ኮምፒውተሩን መልሰሽ አምጪው አለች። በጤፍ ምክንያት የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ «እንግዲያው ባቄላ ውስጥ እናድርገው» አለች። እየፈራሁ ሳቅሁ።

ወዴት እንደምሄድ አልወሰንኩም። መንገዱ ላይ ፍራሽ የጫነው መኪና በዝቷል። ኮምፒውተሩ ግን እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፤ ቢወስዱትም ሁሴን የእናቱ ሻሽ ላይ ነው ያለው።