ሀፍሷ ለማሽኑ ያቆመችው ዘበኛ

ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? ዝናቡስ ለእንሰቱ በቃው? የእናቴስ ሳል ተሻላት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የእናንተ ናፍቆት ብቻ ነው ያስቸገረን።

ባለፈው በስልክ «እህትህ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ የምትውለው ምን እየሠራች ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ኔትወርኩ ተቆራርጦ ሳልመልስልዎት ቀረሁ። ይኸው አሁን ልንገርዎት።

መርካቶ ዱባይ ተራ ባለው ሱቃችን የጫጩት መፈልፈያ ማሽን መገጣጠም ጀምረናል። ማሽኑን የሚያዘውን ፕሮግራም የምትጽፈው ሀፍሷ ናት። የመጀመሪያውን የወሰዱት እትዬ ምስራ የሚባሉ፣ አማኑኤል ሰፈር ዶሮ የሚያረቡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ፕሮግራሙ የሙቀት መለኪያውን ጠይቆ፣ መልስ ሲጠብቅ እዚያው ደርቆ ቀረ። ማሞቂያው ግን እንደበራ ነው። እንቁላሉ ሁሉ ተቀቀለ! እትዬ ምስራ ማሽኑን አስጭነው መጡና ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ «እኔ ጫጩት አልኩ እንጂ ቅቅል አልኩ?» አሉን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሀፍሷ ግን አንገቷን አልደፋችም። ለፕሮግራሙ ዘበኛ አቆመችለት። ባለሙያዎቹ ዋችዶግ ይሉታል አለችኝ። ማሽኑ ውስጥ ያለ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ፕሮግራሙ አንድ ዙር ሥራውን በጨረሰ ቁጥር «አለሁ» ይለዋል። ጊዜው አልፎ ድምፁ ከጠፋ ዘበኛው ምክንያት አይሰማም፤ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ሲነሳም መጀመሪያ ማሞቂያውን ያጠፋል፤ ሰው እንዲሰማም ደወል ያስጮሃል። «አለሁ» ማለቱን ከሥራው ለይተሽ ለብቻው ብታደርጊው አይቀልም ወይ አልኳት። «ሥራውን ሳይሠራ አለሁ የሚል ምን ያደርግልናል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ እትዬ ምስራን አስጠራችና ዓይናቸው እያየ የመለኪያውን ሽቦ ነቀለችው። ማሽኑ ጸጥ አለ። ወዲያው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ማሞቂያው ጠፋ፣ ደወሉ ጮኸ። እትዬ ምስራ ሽቦው ተመልሶ ሲሰካ ማሽናቸውን ይዘው ሄዱ።

ባለፈው ጁምዓ በካርቶን ሙሉ ጫጩት ይዘው መጡ! የዱባይ ተራ ነጋዴ ሱቁን ጥሎ ተሰበሰበ። እትዬ ምስራ የሀፍሷን ግንባር ስመው «የወለደሽ ማህፀን ይባረክ» አሉ። አባቴ፣ አሁን ደንበኛው ሁሉ እኔን አልፎ እሷን ነው የሚጠይቀው። ትናንት ጎረቤቴ ከሰው ሲያስተዋውቀኝ ስሜን እንኳ አልጠራም፤ «የሀፍሷ ወንድም ነው» ብሎ አለፈ። እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ። ለአክስቴ ለበድሪያ፣ ለወንድሜ ለጁነዲንና ለባለቤቱ ለጠሂራ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሀፍሷም እጅዎን ትስማለች፤ ይህን ሁሉ መጻፌን ግን አታውቅም።

ልጅዎ ሙናዊር
መርካቶ፣ ዱባይ ተራ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.