የካርቶን ድንጋይ

ውድ አባዬ፣

ኮፍያህን በእጅህ ይዘህ በግንቡ ዋና በር ስትገባ የሸክም ጠፍሩ ግንባሬ ላይ ነበር። ጎብኚዎቹ ይስቃሉ፤ እኔ ጎብጬ እንገዳገዳለሁ። ዓይን ለዓይን ተያየን። አንዲት ጎብኚ ‹‹ሽማግሌው ማን ናቸው?›› ስትለኝ ‹‹አላውቃቸውም›› አልኳት።

ሰላምታ ሳላስቀድም ይህን መጻፌ አያስቀይምህ። በሰላምታ ብጀምር ኖሮ ይህን ሳልጽፈው እቀር ነበር። እንደምን ሰነበትክ? በዚህ ብርድ ጉልበትህ እንዴት ነው? ላሟስ ወለደች?

‹‹የግንቡ ታሪክ ነጋሪ ሆኛለሁ›› ብዬ ጽፌልህ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። እንደተቀጠርኩ፣ ከወንዙ እስከ ኮረብታው ድንጋዩን በጀርባቸው ያመላለሱትን የስድሳ አንድ ሴቶች ስም ከአሮጊቶች አፍ ለቅሜ ለሥራ አስኪያጁ ለሚስተር ካሪዩኪ ሰጠሁት። ገለጥ ገለጥ አደረገና ‹‹የኔ እህት፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ሊዝናና ነው እንጂ ሊያለቅስ አይደለም›› አለኝ። ጽሑፌን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቅርሶች ከሚታዩበት የመስታወት ሣጥን አንድ አሮጌ ጠፍር አወጣና ከካርቶን ከተሠራ ድንጋይ ጋር አስታቀፈኝ። ‹‹ሴቶቹ እንዴት ይሸከሙ እንደነበር አሳዪያቸው። ትንሽ ተንገዳገጂ፣ ይወዱታል። ካልሆነልሽ በሩ ክፍት ነው።›› ለአንተ የጻፍኩት ውሸት እንዳይሆንብኝ ብዬ ተንገዳገድኩ። ስምንት ወር።

ስለ ሎርድ ብራክስተን ግን አንዲት ቃል ሳልስት እናገር ነበር። የአባቱ ቤት ለታላቅ ወንድሙ ሲሰጥ አገሩን ጥሎ መጣ፤ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶ ከወንድሙ ቤት በአንድ ክፍል የሚበልጥ ግንብ አሠራ። ወንድሙ አንድም ቀን መጥቶ አላየለትም። ጎብኚዎች እዚህ ላይ ያዝኑለታል። ድንጋዩን የተሸከሙት ሴቶች በዋናው በር ዝር እንዳይሉ መከልከሉን አልነግራቸውም ነበር። ያ ታሪክ ከጽሑፌ ጋር መሳቢያው ውስጥ ቀርቷል።

ከሴቶቹ አንዷ የነበረችው አያቴ ስትታጠብ፣ ጠፍር ግንባሯ ላይ የቦረቦረው ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ጣቴ ይገባ ነበር። ስሟን ስለወረስኩ አንተ እስከ ዛሬ ‹‹እናቴ›› ነው የምትለኝ። እንግዲህ እሷ ባልረገጠችው በር ገብተህ ያየኸው እናትህን ነው፤ ጎብጣ፣ እየተሳቀባት።

ከሥራ ስወጣ ዘበኛው ስኳር ድንች የሞላ ቅርጫት ሰጠኝ። ‹‹አንድ ሽማግሌ ‹ለእናቴ ስጥልኝ› አሉኝ። ‹እናትዎ በዚህ ዕድሜያቸው እዚህ ምን ይሠራሉ፣ ከሎርዱ ጋር ሻይ ይጠጣሉ?› ብዬ ቀለድኩባቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ያንቺን ስም ጠሩልኝ›› አለኝ። ድንቹን ቀቀልኩት፤ መብላት ግን አቃተኝ።

በማግስቱ አዳራሹ መሐል ቆሜ ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ስድሳ አንደኛው የራሴ ስም ነበር። ማንም አልሳቀም። ሚስተር ካሪዩኪ እየሮጠ መጥቶ ‹‹አብደሻል እንዴ? ጠፍሩን አምጪ›› አለኝ። አላመጣሁም።

ቅርጫትህን ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልህ ሾፌር ልኬልሃለሁ። ከሥሩ በጨርቅ የጠቀለልኩት አለ። በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ሳለ ‹‹ባለቤቱ ያልታወቀ›› የሚል ጽሑፍ ነበረው። የጠፍሩ ጫፍ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ እንዲህ አድርጋ የምትሰፋው ማን እንደነበረች አንተም እኔም እናውቃለን። ስምንት ወር ግንባሬ ላይ ሳስረው ክሩን አላየሁትም ብዬ አልዋሽህም።

ከእንግዲህ በግንቡ አድራሻ አትጻፍልኝ። በአክስቴ በኩል ይደርሰኛል።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ደጅህን ሰላም ያድርግልህ። ይቅርታ ለመጠየቅ ገና አፍራለሁ፤ እሱን ፊት ለፊትህ ቆሜ እጠይቅሃለሁ። እስከዚያ ግን ይህን እወቅልኝ፦ እንጀራዬ ቢቀር ይቅር እንጂ፣ አንተን አላውቅህም የሚያሰኘኝን ሥራ ዳግመኛ አልሠራም፤ በእናትህ ግንባርም ማንንም አላስቅም።

ልጅህም እናትህም